ማጠብና ማንሳት

ከጽፋት በላይ ነው፣ ፖም ከሚለቀምበት፣
ሞሻቩ ሲያበቃ፣ የጥንት የዶሮ ቤት።
ዶሮዎቹ ከሄዱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፣
ዝናብ ሲጥል ግን ዛሬም ላባ ላባ ይላል።
ድሮራ መስኮቱን በጥቁር ሸፍና
ፎቶ ታስተምራለች፤ ስድስት ሰው ነንና
አንድ ጠረጴዛ ይበቃናል። ጧት በዲጂታል፣
ሲመሽ ካሜራው ፊልም ይጎርሳል።

ልጄ አቪታል ናት ከፍላ የላከችኝ፣
«ለልደትሽ» ብላ ካርዱን የሰጠችኝ።
ልደቴን ማን ያውቃል? ያኔ ስንመጣ፣
ጸሐፊው ነው «ጃንዋሪ አንድ» ብሎ ከኪሱ ያወጣ።
ስሜንም እሱ ነው፦ «ትርንጎ» ስለው
«ታማር» ብሎ ጻፈ፤ ቅርንጫፌን ቆርጦ ተምር ላይ ተከለው።
ፎቶም አነሳኝ። ፍላሹ ሲበርቅ ዓይኔን ጨፈንኩ፤
በዚያ መታወቂያ፣ እንደተኛሁ፣ ሥራ ተቀጠርኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ወለል አጥቤያለሁ፣
የሆስፒታሉን ኮሪደር በጨለማ አውቀዋለሁ።
ማጠብ ለእኔ ማጥፋት ነው፦ የደም ጠብታ፣
የጫማ ዱካ፣ አንድ ሰው ሲያለቅስ የቆመባት ቦታ።
ጨርሼ ስወጣ ማንም ያላለፈ ይመስላል፤
ሥራዬ ካማረ፣ እኔም አልነበርኩም ማለት ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን «ጥንድ ጥንድ ሁኑ» ተባልን።
ለእኔ ናኢፍ ደረሰኝ፣ ከሑርፌሽ፣ ትራክተር የሚነዳ፣
ጢሙን ለዚህ ቀን ብሎ በወይራ ዘይት ያሰናዳ።
ካሜራውን እንደ እንቁላል ያዘ። «አትሳቂ» አለኝ፤ ሳቅኩ።
ስክሪኑ ላይ ሰማዩ ነጭ ነው፣ እኔ ጥላ፣
ሻሽና ጥርስ ብቻ፣ ፊት የሚባል የለም ሌላ።
ናኢፍ አፈረ። ድሮራ መጥታ አየችና፦
«ማሽኑ ሞኝ ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ መልክ ይመስለዋል፤
ትንሽ ክፈትላት፣ ብርሃን ጨምር፣ ያኔ ያያታል።»
ሞኝስ አይደለም፣ አልኩ በልቤ፤ የለመደውን ነው የሚያየው፤
ስንቱን አውቃለሁ እንዲህ ያለ፣ ደረቱ ላይ ባጅ የሰቀለው።
በአፌ ግን «እሺ» አልኩ።

በፊልም ሲደግመው አልቸኮለም።
የብርሃን መለኪያውን ይዞ «ጉንጭሽ አጠገብ ልለካ?» አለ።
ስንት ዓመት ቆይቼ፣ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
ቀጭ አለ፤ አንዴ ብቻ። አለቀ።

ፊልሙ ሲደርቅ በመስኮት ብርሃን አየነው፦
እዚያች ቁራጭ ላይ እኔ በረዶ ነኝ፤
ሉድሚላ፣ ከካርሚኤል የመጣችው ፋርማሲስት፣ ከሰል ሆናለች።
«ደረሰሽ!» አልኳት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣
ከዚያ እሷ ቀድማ ዝም አለች።

ማታ ቀዩ መብራት በራ።
በእነሱ ቋንቋ ቃሉ ከበር ጋር ይዛመዳል፣
መክፈት ዓይነት ነው፤ በእኛ ግን ፎቶ ይታጠባል።
ስለዚህ እጄ ከልምድ ጓንት ፈለገ።
ባዶ ወረቀት፣ ሳህን ውስጥ፤ ውኃውን ቀስ እያልኩ ሳወዛውዝ
ሻሼ መጣ፣ ከግርጌ፣ እንደ ጉም።
ቀጥሎ ግንባሬ። ባጠብኩ ቁጥር እበዛለሁ፣
እኔ የማውቀው እጥበት እንዲህ አያደርግም።
ከዚያ ዓይኖቼ፤ ተገልጠዋል፣ ሁለቱም።

ግራ ጆሮዬ ደብዝዟል። ናኢፍ ይቅርታ ጠየቀኝ።
«ተወው» አልኩት «በዚያኛው ይሰማኛል።»
ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ስም ጻፉ ተባለ፤
ትርንጎ ብዬ ጻፍኩ፣ በራሴ ፊደል።
ድሮራ ማንበብ አልቻለችም፤ ግን አልጠየቀችም።

ስንወጣ ወለሉ ርሷል፤ መወልወያ በሩ ጥግ ቆሟል።
እግሬ ሳላዘው ሄደ። እጄም ተዘረጋ።
«ተይው፣ ነገ» አለች ድሮራ።
ፊልሜ ውስጥ አንድ ቀርቶኝ ነበር። ለካሁ፣ ጠበቅኩ፣
መወልወያውን አነሳሁት፤
ጣቴ እንኳ ሳይነካው።